የነካሽውን ትጫወቻለሽ

ዓርብ፣ 3

ነገ የቼዝ ውድድሩ ይጀምራል። ሦስት ቅዳሜና ሦስት እሁድ፣ በቀን አንድ ጨዋታ፣ በአሮጌው ፖስታ ቤት አዳራሽ። አንደኛ የወጣውን የትልቁ ከተማ ክለብ ይወስደዋል። ማደሪያ ይሰጡታል፣ ቀን ሥራ ያስገቡታል፣ ማታ ማታ ያሠለጥኑታል። ንቢት ይህን ማስታወቂያ በሩ ላይ ካነበበች ወዲህ እህል በወጉ አይወርድላትም።

የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ከእኔ ጋር ናት። ንቢት ያልኳት እኔ ነኝ፣ ስለምትናደፍ። ልብስ ስፌቱን ከእኔ ተማረች፣ ቼዙን ከእኔ፣ ምላሱንም ከእኔ። በሦስቱም አስተማሪዋን በልጣዋለች።

እኔም ተመዝግቤያለሁ።

"ጋሼ፣ አንተ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው የምትገባው?" አለችኝ።

"የሚመጡብሽን ቀድሜ ላደክምልሽ።"

"በጨዋታ ወይስ በወሬ?"

"በየትኛው ነው የደከምሽው?"

ሳቀች። ካሸነፈች ትሂድ እንግዲህ። ማን ያዛት።

ቅዳሜ፣ 4

ሁለታችንም አሸነፍን። እሷ በችሎታ፣ እኔ በተንኮል። ወታደሬን እንደረሳ ሰው ጥዬ "ውይ" አልኩ። "ውይ" ስል ሁልጊዜ ይበሉልኛል። ተጋጣሚዬ በላ፤ ፈረሴ ዘሎ ንጉሡንና ንግሥቱን በአንድ ጊዜ ያዘበት። ሰውየው ቦርዱን ትቶ እኔን ሲያይ ቆየ። ዳኛዋ መጣች። ጡረታ የወጣች የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የከተማው ሰው ሁሉ ቲቸር ነው የሚላት።

"አንተ፣ ሁለተኛ 'ውይ' ካልክ አስወጣሃለሁ።"

"ቢያመኝስ ቲቸር?"

"ታሟል ብዬ አስወጣሃለሁ።"

አንድ ነገር ግን አልወደድኩም። ንቢት ስታስብ ጣቷን ጳጳሱ ራስ ላይ ጫን አድርጋ ነበር። የሱቃችን አመል ነው። ጨርቅ ሳይዳበስ አይቆረጥም፤ እኛ ቤት ቼዝም ሳይዳበስ አይንቀሳቀስም። አንዱን ትነካለህ፣ ታዳምጠዋለህ፣ ትተወውና ሌላውን ታነሳለህ። ሱሪው እስኪያጥር ቁጭ ብሎ የሚጫወት ደንበኛ ሁሉ ከእኛ ለምዶታል። ውድድር ላይ ግን የነኩትን መጫወት ግዴታ ነው። ዛሬ መጀመሪያም ያሰበችው ጳጳሱን ስለነበር ምንም አልመጣባትም። ቲቸር ግን አየቻት።

"ልጄ፣ እጅሽን ሰብስቢ። የነካሽውን ትጫወቻለሽ። ዛሬ ዝም አልኩሽ፣ ተጋጣሚሽ ዝም ስላለ።"

ንቢት ፊቷ ቀላ። ጨዋታውን የጨረሰችው ቀኝ እጇን ጭኗ ሥር ወትፋ ነው።

እሁድ፣ 5

ተሸነፍኩ። ዝምተኛው አሸነፈኝ። ይህ ባንክ ቤት መስኮት ላይ የሚሠራው፣ ረጅም አፍንጫ ያለው ጎልማሳ ነው። ዝምተኛው ብዬ ስም ያወጣሁለት ዛሬ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ላይ አዳራሹ ሁሉ ይጠራበት ነበር።

ያላልኩት የለም። "ይሄ አፍንጫ ቦርዱ ላይ ጥላ ጣለብኝ፣ ትንሽ ፈቀቅ በል" አልኩት። ፈቀቅ አለ። "ባንክ ቤት ስትቆጥርም እንዲህ ትዘገያለህ? ለዚህ ነው ሰልፉ መንገድ የሚደርሰው" አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ እውነት ነው እንደማለት። ከዚያ ፈረሴን ንግሥቴ ፊት ላይ ቸነከረው። ፈረሱ ቢነሳ ንግሥቴ ትበላለች፤ ባይነሳ ወታደር ልኮበታል። ጨርቅ በመቀስ መሃል እንደገባ ማለት ነው። ቀስ ብሎ በላው።

"አመሰግናለሁ ጋሼ" አለኝና እጁን ዘረጋ። ትሕትናው ያናድዳል።

ንቢት አሸነፈች። በግራ እጇ ነው የተጫወተችው።

ረቡዕ፣ 8

ሻይ ልጠጣ ሄጄ በር ላይ ቆሜ ሳለሁ የሻይ ቤቷ ባለቤት ለአንዱ ስታወራ ሰማኋት። "ልጅቷ ከሄደች እሱ ምን ሊውጠው ነው? መርፌ ላይ ክር እንኳ የምታስገባለት እሷ ናት።"

ገባሁና "መነጽር የሚባል ነገር ወጥቷል አሉ" አልኳት።

"አፍ የሚያዘጋም ቢወጣ ጥሩ ነበር። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል ይላሉ፣ አልሰማህም?"

"እኔ ያለብኝ አንዱ ብቻ ነው።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ፣ ሥራ ስለነበረኝ።

ዓርብ፣ 10

ሆቴሉ የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ አመጣ። በቶሎ ይፈልጉታል። እሺ አልኩ። ንቢት ዛሬ ልትለማመድ ነበር። ቁልፍ ስትተክል አመሸች። እንቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

ቅዳሜ፣ 11

ዓይኗ ደም መስሎ ገባች፤ ጨዋታዋ ግን! ይህን ሳልጽፍ አልተኛም።

ተጋጣሚዋ ሹፌር ነው፣ ቦርዱን እንደ ጠባብ መንገድ የሚጠነቀቅ። ንጉሡን ከሦስት ወታደሮች ጀርባ ደብቆ፣ የኋላውን መስመር በአንድ ግንብ ያስጠብቃል። ንቢት ንግሥቷን ወስዳ ያ ግንብ አፍ ውስጥ አስቀመጠቻት። በነፃ። ሹፌሩ ቦርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ ጣሪያውን አየ። ምስኪን ደክሟታል ብሎ ሳያዝንላት አልቀረም። በላ። ግንቡ ለመብላት ቦታውን ሲለቅ የእሷ ግንብ እስከ መጨረሻው መስመር ወረደ። ማት። ንጉሡ የሚሸሽበትን በር የዘጉበት የገዛ ወታደሮቹ ናቸው።

እኔ የዛሬውን ጨዋታዬን ቸኩዬ ጥዬዋለሁ። የእሷን ለማየት።

ስንመለስ መንገድ ላይ "ማን እንዳስተማረሽ ሰው ጠየቀሽ?" አልኳት።

"ጠየቁኝ። አሳፍሮኝ ሳልናገር ቀረሁ።"

ደስ አለኝ። ደስ ብሎኝ ሳለ ደግሞ የትልቁ ከተማ አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ማሰብ ጀመርኩ። እንቅልፍ ማጣት ነው።

እሁድ፣ 12

ንቢት አቻ ወጣች። ዝምተኛው አሸነፈ፣ ባለፈው ሳምንት ግን አንድ አቻ ስለነበረው አሁን እኩል ናቸው። የሚገናኙት በመጨረሻው እሁድ ነው። ያሸነፈ ይሄዳል።

ማክሰኞ፣ 14

ያን የመዳበስ አመል ላስተዋት ብዬ ሕግ አወጣሁ። ሱቅ ስንጫወት ነክቶ የተወ አንድ ሸሚዝ ይተኩሳል። የሆቴሉ ሸሚዞች ክምር አጠገባችን ነበር። ክምሩ አለቀ። ግማሹን የተኮስኩት እኔ ነኝ።

"ይሄ በሽታ ከደም ነው" አለችኝ።

"ከእናትሽ ወገን አይደለም። እሷ ዳማ እንኳ አታውቅም ነበር።"

"ከጣትህ ነዋ። ሕፃን ሳለሁ እጄን ይዘህ በየጨርቁ ላይ ታስኬደው ነበር። 'ሐሩ የቱ ነው፣ ጥጡ የቱ ነው' እያልክ።"

እውነቷን ነው። ዓይኗን በመሀረብ አስሬ።

ከዚያ ካውያውን አስቀምጣ፣ ሳታየኝ፣ "ጋሼ፣ ብሄድ ብቻህን ትችላለህ?" አለች።

"ገና ሳትሄጂ? ክፍልሽን ለዝምተኛው አከራየዋለሁ። ቢያንስ እሱ አይመልስልኝም።"

አልሳቀችም። ትንሽ ጠበቀች። የምጨምረው ነገር ያለ መስሏት ነው። ከዚያ "ደህና እደር" ብላ ገባች።

ምን ነበረበት "እችላለሁ" ብል? አንድ ቃል ነው። እስኪ አሁን ብቻዬን ልሞክረው ብዬ ጮክ ብዬ አልኩት። ከአፌ ሲወጣ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስላል።

ሐሙስ፣ 16

ሆቴሉ ተጨማሪ ልብስ ላከ። የወጥ ቤቱን ሠራተኞች ነው። እሺ አልኩ። እስከ እሁድ የሚያደርስ ሥራ ነው።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ሻይ ይዛ መጥታ ጨርቁን አየች፣ ንቢትን አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። "ሆን ብለህ ነው?" አለችኝ በለሆሳስ።

"ምኑን?"

ብርጭቆዋን አንስታ ሄደች። ሰው ሥራ ሲበዛለት ሌላው ይቀናል።

ዓርብ፣ 17

ንቢትን "ተኚ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኳት። መርፌው ውስጥ ክሩን ለማስገባት የወሰደብኝን ጊዜ ለማንም አልናገርም። ልብሱን ግን ጨርሻለሁ። ሁሉንም። ማንም ሆን ብሎ ነው እንዳይል።

ቅዳሜ፣ 18

ሁለቱም አሸነፉ። እኔም አሸነፍኩ፣ ማንም አላየልኝም እንጂ። ነገ ነው።

እሁድ፣ 19፣ ጠዋት

ተነስታለች። ሸሚዟን እየተኮሰች ነው። ቁርስ እንቢ።

ልቀልድ ብዬ ተውኩት።

ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ። መሄድ አለብን።

እሁድ፣ 19፣ ማታ

እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

የእኔ ጨዋታ ቶሎ አለቀ። አቻ ተስማምተን ነው። ሄጄ ከንቢት ጀርባ፣ ከገመዱ ወዲህ ቆምኩ። ሌላው ተመልካች በሙሉ ወዲያ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ጋ ነበር፤ እዚያ ሁለት ሽማግሌዎች በሰዓታቸው ተጣልተው ቲቸር ስታስታርቅ። እዚህ እኔና ሁለቱ ብቻ።

ዝምተኛው ከበባት። ንግሥቱ የእኛ ንጉሥ አካባቢ ደርሳለች፤ አንድ ተራ ካገኘ ማት ነው። ለእኛ ደግሞ ፈረስ አለን። ፈረሱ ቢዘል ንጉሡን ቼክ ይልና ያችኑ ንግሥት ይይዛል። ማለትም ተራው የንቢት ነው፣ ፈረሱን ካነሳች አለቀ፤ የትልቁ ከተማ አውቶቡስ ላይ ወጣች ማለት ነው። እኔ አየሁት። እሷ ገና አላየችውም። ጉሮሮዬን ልጠርግ ምንም አልቀረኝም። ዋጥኩት።

እጇ ከጭኗ ሥር ወጣ። ሄደ፣ ግንቡ ራስ ላይ አረፈ። ጣቷ፣ ያቺ ጠቋሚ ጣቷ፣ እንደ ጨርቅ ዳበስ አደረገችው። ከዚያ ፈረሱን አየች። ትከሻዋ ሲነቃ ከኋላ አየሁት። እጇ ከግንቡ ተነሳ፣ ፈረሱን ይዞ አስቀመጠ። "ቼክ።"

ዝምተኛው ሰዓቱን አቆመ። እጁን አወጣ። ቲቸር መጣች።

"ግንቡን ነክታለች" አለ። ከውድድሩ መጀመሪያ ጀምሮ ከ"አመሰግናለሁ" ሌላ ሲናገር የሰማሁት ያኔ ነው።

"ነክተሻል?" አለች ቲቸር።

"አልነካሁም" አለች ንቢት።

"ያየ ሰው አለ?"

ማንም አልነበረም። ቲቸር ትንፋሽዋን ሳብ አደረገች። ማስረጃ ከሌለ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ሕጉ ይህ ነው። ቀጥይ ልትላት አፏን ስትከፍት ዝምተኛው በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ።

"እሳቸው ቆመው ነበር።"

"እሱ አጎቷ ነው" አለች ቲቸር። "ምስክርነቱ አይያዝም።"

"ይያዝልኝ። ያሉትን እቀበላለሁ።"

ሽማግሌዎቹ እንኳ ጠባቸውን ተዉ። ንቢት አልዞረችም። ማጅራቷን ብቻ ነው የማየው፣ ፀጉሯን የሰበሰበችበትን ማስያዣ።

አንድ ቀልድ እስኪመጣልኝ ጠበቅሁ። ሁልጊዜ ይመጣልኛል። አልመጣም።

"ነክታለች" አልኩ።

ቲቸር ፈረሱን ወደ ቦታው መለሰች። "የነካሽውን ትጫወቻለሽ።" ግንቡ ቼክ የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ ማቱን የሚከላከልበትም። ንቢት አንስታ አንድ ካሬ አስኬደችው። የዝምተኛው ንግሥት ከፈረሱ አፍ አመለጠችና ንጉሣችንን አነቀች። ተነስታ እጁን ጨበጠችው። በአጠገቤ አለፈች። ጃኬቷን ወንበሩ ላይ ረስታው ነበር፤ ይዤላት ተከተልኩ፣ በዝናብ ውስጥ ርቃ ሄዳለች።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ቀለለኝ። እውነት ስለሆነ ነው የቀለለኝ። እውነት የተናገረ ሰው ይቀለዋል። ለዚህ ነው።

ማክሰኞ፣ 21

አትናገረኝም። የልብስ መኪናዋ ብቻ ነው የሚሰማው። ምሳ አቅርባልኝ ራሷ አልበላችም። አንድ ደንበኛ "ምነው ዛሬ ሱቁ ቀዘቀዘ?" አለ። "ማሞቂያው ተበላሽቶ ነው" አልኩት። ማሞቂያ የለንም።

ረቡዕ፣ 22

ዛሬ ተናገረች። የስፌት መኪናዋን አቁማ፣ እጇ መዘውሩ ላይ እንዳለ።

"ባሸንፍ እንደምሄድ ታውቅ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ለዚያ ነው?"

"እውነቱን ነው የተናገርኩት። ነክተሽዋል።"

"እሱን አልጠየቅሁህም።"

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። ለሌላ ሰው ቢሆን እል ነበር። እሁድ ማታ እዚህ የጻፍኩት ትዝ አለኝ፣ ያ "ቀለለኝ" ያልኩት።

"አላውቅም ንቢቴ" አልኳት።

አየችኝ። ከዚያ መኪናዋን ነዳችው። አላውቅም ያልኩት ይሻላት ይሆን ይባስባት፣ እሱንም አላውቅም።

ዓርብ፣ 24

ዝምተኛው ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ለጉዞው ነው። ንቢት ወደ ጓዳ ገባች። ቁመቱን እየለካሁ ተንበርክኬ ሳለሁ ጠየቅሁት።

"ለምን እኔን አልክ? ስንት ጊዜ ተሳልቄብህ።"

አሰበ። እንደ ልማዱ ቆየ።

"ጋሼ፣ ስለ አፍንጫዬ ያሉት ልክ ነው። ስለ ሰልፉም ያሉት ልክ ነው። ሲሰድቡኝ አንድም ቀን ውሸት አላሉም።"

ሱሪውን በነፃ አሳጠርኩለት። ከሄደ በኋላ የጓዳው መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሰምታለች።

ቅዳሜ፣ 25

ከምሳ በኋላ ንቢት ወንበሯን ወደ ወንበሬ አዞረች።

"እሄዳለሁ" አለች።

"ወዴት?"

"እዚያው። ለአንድ ስፌት ቤት ደውዬ ነበር። ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ክለቡም ለማንም ክፍት ነው፣ ማደሪያና ሥልጠና አይሰጡኝም እንጂ መጫወት አይከለክሉኝም።"

"መቼ ነው የደወልሽው?"

"ከውድድሩ በፊት።" እጇን ታያለች። "ውድድሩ እንዲወስደኝ ነበር የፈለግኩት። አንደኛ ወጣሁ፣ ወሰዱኝ፣ ምን ላድርግ እንድልህ። ራሴ እሄዳለሁ ማለት አቃተኝ።"

እኔም ውድድሩ እንዲያስቀራት ነበር የፈለግኩት። አላልኳትም። ፊቴ ላይ አይታው እንደሆነ ግን እንጃ፣ ልጅቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጨርቅ ስትመርጥ አትሳሳትም።

"እዚያ ብርድ ነው ይላሉ" አልኩ።

"ይላሉ።"

"ካፖርት የለሽም።"

"የለኝም።"

ማክሰኞ፣ 28

ካፖርቱን ከመደርደሪያው ላይ ከነበረው ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ቆረጥኩት፣ ለራሴ ካስቀመጥኩት። ሱቁን ዘግተን ለካሁላት። እሷ ጠረጴዛው ላይ ቆማ፣ እኔ ተንበርክኬ፣ አፌ በስፒል ተሞልቶ። ልብስ ሰፊ ሲለካ መናገር አይችልም፤ ደንበኛ ሁሉ የልቡን የሚያወራው ያኔ ነው።

"እጅጌውን አርዝመው" አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ኪሱን ጥልቅ አድርገው።"

ነቀነቅሁ። ጫፉን እየሰበሰብኩ ዞርኩላት። ከኋላዋ ስሆን ነው የተናገረችው።

"ግንቡን ስነካው አውቄ ነበር።"

እጄ ቆመ።

"ጣቴ ሲያርፍበት ነው ያወቅሁት። 'አልነካሁም' ስል አውቄ ነው። ከዚያ አንተን ጠየቁህ፣ እኔ ደግሞ ዋሽልኝ እያልኩ እየለመንኩህ ነበር፣ በልቤ። ብትዋሽልኝ ኖሮ ዛሬ ዓይንህን ማየት እችል እንደነበር አላውቅም። ይህን ሳልነግርህ እዚያ ሄጄ ቦርድ ፊት መቀመጥ አልችልም።"

ስፒሎቹን ማውጣት እችል ነበር። መዳፌን አፌ ሥር አድርጌ እንትፍ ማለት ብቻ ነው። አላወጣኋቸውም። አንድ በአንድ ጫፉ ላይ ሰካኋቸው፣ የመጨረሻውን እስክሰካ። ስነሳ አንዱን ወገን ከሌላው አርዝሜዋለሁ።

ወርዳ መስታወቱ ፊት ቆመች።

"ጠማማ ነው ጋሼ።"

"አውቃለሁ።"

"ዓይንህ ነው?"

"አይደለም።"

ካፖርቱን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ስፒሎቹን ነቅላ የስፒል መሰኪያው ትራስ ላይ ሰካቻቸው። መርፌ አነሳች፣ ክሩን በአንድ ጊዜ አስገባች። ከዚያ ሌላ መርፌ፣ ከዚያ ሌላ። የመርፌ ዕቃው ውስጥ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ክር አስገብታ ደረደረችልኝ፣ ጥቁሩን ከጥቁር፣ ነጩን ከነጭ።

"እነዚህ ሲያልቁ?" አልኳት።

"መነጽር የሚባል ነገር ወጥቷል አሉ።"

"ማን አለ?"

"አንተ ነህ አሉ ያልከው። ሻይ ቤት።"

ጫፉን አስተካክለን ሰፋን። አብረን፣ እሷ ከቀኝ፣ እኔ ከግራ፣ መሃል ላይ እስክንገናኝ። አውቶቡሱ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሻንጣውን እኔ ነኝ የምይዝላት፤ ተስማምተናል። "እችላለሁ" ብያታለሁ። አላመነችኝም፣ ግን ስለው ሰምታኛለች።